ትከሻዬን ከጆሮዬ ላይ ሳወርድ

ጥር 12፣ ሰኞ

ዛሬም መስኮቱ። ጠዋቱን ሙሉ ትኬት ስቆርጥ... አንዱ ዝርዝር የለኝም ይላል፣ ሌላዋ ያመለጣትን አውቶቡስ እኔ የደበቅኩባት ይመስል ታፈጥብኛለች። በመስታወቱ ቀዳዳ የሰው ፊት አያለሁ፣ ከፊቱ ጀርባ ደግሞ አውቶቡሶቹ ከዴፖው በር ሲወጡ። እጄ ትኬት ይቆርጣል፣ ልቤ እዛ ነው።

ከሰዓት የመንዳት አሠልጣኛችን መስኮቱ ጋ መጡ። እኛ ሠልጣኞቹ በሌሉበት «ጋሼ ቀስ በይ» ነው የምንላቸው፣ ስንነዳ ከአፋቸው ሌላ ቃል ስለማይወጣ።

«አንቺ፣ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ።»

«ምን ሆኜ?»

«ምንም። ምንም ላልሆኑ ወጣቶች ነው።»

የሰውነት ማስተዋል ሕክምና ይባላል አሉ። አቋቋምን፣ አካሄድን፣ አተነፋፈስን የሚያስተውሉበት። እንዴ! ጤነኛ ይታከማል? ደሜ ፈላ። ሁለት ጊዜ የአውቶቡስ መንጃ ፈተና መውደቅ በሽታ ሆነ? ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እሳቸው ወይ ፍንክች።

«ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻሽ ነው። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

አውቃለሁ። ሦስቴ የወደቀ ድጋሚ ማመልከት አይችልም። ወደ መስኮቱ ይመለሳል፣ እዛው ያረጃል። እኔ ደግሞ የመንገድ ሕግ አልስት፣ ምልክት አልስት። ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ ያው አንድ ነገር ነው፦ «መሪውን ትታገላለች፣ ተሳፋሪ ታንገላታለች።» ሠልጣኞቹ እኔ ስነዳ ተሳፋሪ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ያወጡልኝ ስም «ወፍጮ» ነው። እህል ሆነናል ይላሉ።

ይሳቁ።

ጥር 13

ለአባዬ ነገርኩት። ባልነገርኩት!

«ሕክምና? ልጄ እኮ ብረት ናት! ምኗ ነው የሚታከመው?»

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቷል። እኔንም ገና ኮረዳ ሳለሁ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ በዛው በአሮጌው መኪናው። የዛን ጊዜ የነገረኝን ዛሬም ደገመልኝ። «መሪ ጠበቅ ነው። መኪና ካልፈራሽ አይታዘዝሽም።»

እማዬ ከጓዳ፦ «እና ሁለቴ የወደቀችው መኪናው ስላልፈራት ነው?»

አባዬ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። እኔ ወደ ክፍሌ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሄድኩ። በግዴ።

ሰፊ ክፍል፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ ወለል፣ ግድግዳው ጋ የተደረደሩ ስስ ፍራሾች። አስተማሪዋ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ፀጉሯ አጭር፣ እሷም አጭር፣ በካልሲ ብቻ ትንሸራሸራለች። «ጫማ አውልቁ» አለች። የኔ ካልሲ ቀዳዳ ነበረው... አውራ ጣቴ ወጥቶ ሰላም አለ። ከጎኔ የነበረችው ፀጉር ሠሪ ሳቋን መዋጥ አቅቷት ፊቷን አዞረች። ከሷ ወዲያ አንድ ረጅም ልጅ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚሠራው። ቁመቱን የሰረቀው ይመስል አጥፎ አጥፎ ደብቆታል።

ወለል ላይ ተጋደምን። «ወለሉ ይሸከማችሁ። እናንተ ራሳችሁን አትሸከሙ» አለች።

ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ተጋድሜ የለ? ከዛ መጥታ እጇን በትከሻዬና በወለሉ መካከል ሰደደች። ገባ! ሙሉ እጇ! የኔ ትከሻ ለካ ወለል አይነካም።

«ማንን እየጠበቅሽ ነው?»

«ማንንም።»

«ትከሻሽ ግን ሊነሳ ተዘጋጅቷል። ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ጠይቂው።»

ትከሻ ይጠየቃል? ተናድጄ ቤት ገባሁ። ለመጋደም መምህር ያስፈልገኛል? ያውም ከሥራ በኋላ!

ጥር 15

ወይኔ! ትከሻዬ እኮ ጆሮዬ ጋ ነው። ትኬት ስቆርጥ ጆሮዬ ጋ፣ ጥርሴን ስፋቅ ጆሮዬ ጋ፣ ጫማዬን ሳስር እንኳ... አወርደዋለሁ፣ ዘወር ስል ተመልሶ ወጥቷል። ስንት ዘመን እዛ ኖረ?

ጥር 19

ልምምድ ነበር። ትከሻዬን ላውርድ ስል ፍሬኑን ረሳሁት፣ ፍሬኑን ሳስታውስ ጨፈለቅኩት። ከኋላ «ወፍጮ! ወፍጮ! ዱቄት ሆንን!» እየተባለ ተጮኸ። ጋሼ ቀስ በይ ያው... ቀስ በይ።

ከቀድሞው ባሰብኝ። ሰው አካሄዱን እያሰበ ሲሄድ እንደሚደናቀፈው ዓይነት ነው። ልተወው ይሆን?

ጥር 21፣ ረቡዕ

አልተውኩትም! እሰይ!

ዛሬ መቆም ተማርን። አዎ፣ መቆም። መጀመሪያ ቀለደች ብዬ ነበር። «ቁሙ» አለች፣ ቆምን። ከዛ እየዞረች በሁለት ጣት ደረታችንን ነካ ታደርገናለች። ፀጉር ሠሪዋ ወዛወዝ ብላ ቀረች። እኔ ብረቷ፣ የአባቴ ኩራት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ግድግዳ ገጨሁ።

በሁለት ጣት!

«ጉልበትሽን ቆልፈሽዋል። የተቆለፈ ነገር አንድ ላይ ነው የሚወድቀው» አለችና ጉልበቴን ከኋላ ነካ አደረገችልኝ። ለቀቅ አልኩ። ተረከዜ መሬቱን ሲያገኘው ተሰማኝ... እንዴት ልበለው? ቤት ገብቶ ቁጭ እንደማለት። ትንፋሼ ወደ ሆዴ ወረደ። «አሁንስ?» ብላ ገፋችኝ። ወዛወዝ አልኩና ተመለስኩ። ደግማ ገፋችኝ። አሁንም። በመዳፏ ጠንከር አድርጋ ገፋችኝ፣ እዛው ነኝ!

ጮቤ ረገጥኩ። በቀዳዳ ካልሲ።

ጥር 23

መስኮቱ ላይ አንድ ሰውዬ መስታወቱን በቡጢ ደበደበው። ያመለጠው አውቶቡስ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እንደ ተለመደው። ድሮ ብሆን አፌን ከፍቼ እለቅበት ነበር። ዛሬ ግን ከመናገሬ በፊት መንጋጋዬን አስተዋልኩት። ድንጋይ ሆኗል። ለቀቅ። እግሬን ከወንበሩ ስር አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ተነፈስኩ። ከዛ «ወንድሜ፣ የሚቀጥለው አሁን ይነሳል፣ ሦስተኛው በር ጋ ቁም» አልኩት።

ድምፄ! የማን ድምፅ ነው? ከሆዴ ነው የወጣው። ሰውዬው እጁን አወረደ። «እሺ እህቴ» አለ።

ማታ እማዬ፦ «ዛሬ በሩን ሳትደበድቢው ገባሽ። አሞሻል እንዴ?»

ጥር 28፣ ረቡዕ

በሳቅ ፈረስን ዛሬ።

መራመድ ነበር። አስተማሪዋ ረጅሙን ልጅ «አናትህ ወደ ላይ ይሂድ፣ እግርህ ወደ ታች፣ መሐል ላይ አንተ ሰፋ በል» አለችው። ልጁ ተዘረጋ... ተዘረጋ... አያልቅም! እንዲህ ረጅም መሆኑን እሱም አያውቅ። ደረቱን ነፍቶ ክፍሉን ሲያቋርጥ ቋ! ከጣሪያው የተንጠለጠለውን አምፖል በግንባሩ ገጨው። ይባስ ብሎ አምፖሉን «ይቅርታ» አለው። ፀጉር ሠሪዋ ወለል ላይ ተንከባለለች። አስተማሪዋ ራሷ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች። እሱ ግን አልተመለሰም። ከአምፖሉ ጎን ቀና ብሎ ቆሞ አብሮን ሳቀ። በጣም ያምራል ቀና ሲል።

ከዛ ጥንድ ጥንድ ሆነን መዳፍ ለመዳፍ ገጥመን መገፋፋት። እኔና ረጅሙ። መግፋት አይደለም አለች፣ ማዳመጥ ነው። ሲመጣብሽ መንገድ ስጪው፣ ሲሄድ ተከተይው። መጀመሪያ ላሸንፈው አስቤ ተጫንኩት፣ አንዴ ዘወር ሲል በአፍጢሜ ልደፋ ነበር። ቆይቶ ግን ያዝኩት። እጄ ሳይሆን እግሬ ነው የሚገፋው። ክንዴ ዝም ብሎ መልእክተኛ ነው። ለካ ጉልበት ሳይጨርሱ መበርታት አለ!

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ልምምድ። ቀጥታው መንገድ ላይ... ሠራ! ፌርማታ ላይ ቆሜ ስነሳ ማንም አልጮኸም። ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች።

ከዛ ኩርባው መጣ። ምን እንደሚሆን አላውቅም። መንገዱ ሊጠመዘዝ ሲል ትንፋሼ ቀጥ፣ ትከሻዬ ወደ ላይ፣ መሪው ከሚገባው በላይ ይዞራል፣ ልመልሰው ስል ተሳፋሪው በግራ ሄዶ በቀኝ ይመጣል። አንድ ኩርባ አይደለም፣ ሁሉም ኩርባ።

«በቀጥታው ሰው ነሽ። ኩርባ ላይ ምን ይይዝሻል?» አሉ ጋሼ ቀስ በይ። እንደ ቁጣ አላሉትም። ያ ነው ያስለቀሰኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጣሁ።

ፈተናው የካቲት 18 ነው፣ ቀኑ ተቆረጠ። ፈተናው ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። በደስታ ነው፣ በንዴትም ነው... ኧረ ሁለቱም ነው።

ሌሎቹ ሲሄዱ ወደኋላ ቀረሁና ስለ ኩርባው ነገርኳት። ምንም ሳትል ወንበር አመጣች። ከጓዳ ደግሞ ክብ ትሪ። «ይሄ መሪሽ ነው። ንጂ» አለች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በትሪ ነዳሁ። በአፌ የሞተር ድምፅ ሁሉ አወጣሁ። ቀጥታ... ቀጥታ... «አሁን ኩርባ» አለች።

ዞርኩ።

«ቁሚ። እንዳለሽ ሁኚ፣ አትንቀሳቀሺ። አሁን ከእግርሽ ጀምረሽ እስከ አናትሽ ንገሪኝ።»

ግራ እግሬ ወለሉን እየገፋ ነው። ግራ ዳሌዬ ከወንበሩ ተነስቷል። ወገቤ ተጣሟል። ቀኝ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ... መሪውን ወደ ግራ እየጎተትኩ። ሆዴ ድንጋይ። ትንፋሽ የለም።

«ወንበሩ ቀጥ ያለ ነው» አለች። «ትሪውም ቀላል ነው። ከማን ጋር ነው የምትታገይው?»

እየቆየ መጣልኝ። ከአንጎሌ አይደለም፣ ከዳሌዬ ነው የመጣልኝ! የአባዬ መኪና። ያ አሮጌ ጭነት መኪና። ወንበሩ በግራ በኩል ሰምጦ ነበር፣ ዳሌዬን ካላነሳሁ መንገዱ አይታየኝም። መሪው ወደ ቀኝ ይጎትት ነበር፣ ኩርባ ላይ በትከሻዬ ካልሳብኩት ይዞኝ ይሄዳል። እውነትም ትግል ነበር። ትንፋሽ ይዞ፣ ጥርስ ነክሶ።

ያ መኪና እኮ ከተሸጠ ዓመታት ሆኑ! የዴፖው አውቶቡስ መሪ በአንድ ጣት ይዞራል። እኔ ግን እስከ ዛሬ እዛ መኪና ውስጥ ነኝ። ተሳፋሪዎቼን ሁሉ ጭኜ የሌለ መኪና እነዳለሁ።

ሳቅኩ፣ ከዛ አለቀስኩ፣ ከዛ እንደገና ሳቅኩ። አስተማሪዋ ትሪውን ከእጄ ወሰደችና «አሁን እስቲ ይሄኛውን ወንበር ቁጭ በይበት» አለች።

ቁጭ አልኩ። ሁለቱም ዳሌ። አይ ወንበር! እንዴት ደስ ይላል።

የካቲት 6

ቸኮልኩ። ምን ቆርጦኝ እራት ላይ አወራሁት?

«አባዬ፣ ያጣመመኝ ያንተ መኪና ነው!» ብዬ እየሳቅኩ። እኔ ደስታዬን ነበር የማካፍለው። እሱ ግን ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

«እና እኔ ነኛ ያጣመምኩሽ?»

«እንደዛ አላልኩም...»

«ብለሻል። ሁለቴ የወደቅሽውም በኔ ነዋ።» ተነስቶ ሶፋው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ወደ ግራ ዘመም ብሎ፣ ቀኝ ትከሻው ሽቅብ። ሶፋው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው... አንጀቴን በላው። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሲጎትት ኖሮ ነው እኮ፣ እኛን ለማብላት።

እማዬ ሳህኑን እያነሳች «ጥሩ ነገር ይዘሽ መጥተሽ እንዴት በዱላ ታቀርቢዋለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ኩርባ! ኩርባ! ኩርባ!

ከኩርባው በፊት ራሴን «የትኛው መኪና ውስጥ ነኝ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዳሌ ታች። ተረከዝ። እስትንፋስ ወደ ውጪ። እጄን እንደ መልእክተኛ ላክሁት። አውቶቡሱ ዞረ። በቃ፣ ዞረ! እኔ ያዞርኩት አልመሰለኝም፣ አብረን የዞርን ነው የመሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተያዝኩ። ሦስተኛው እንደ ቅቤ።

ጋሼ ቀስ በይ ዝም። ከኋላም ዝም። ዴፖ ስንደርስ ከሠልጣኞቹ አንዱ ጭንቅላቱን ወደ ፊት አስግጎ «ወፍጮዋ ተበላሸች እንዴ?» አለ።

ተበላሽታለች! እሰይ!

አባዬ ግን እስካሁን አኩርፎኛል። ደስታዬ ግማሽ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሳሎን። አባዬ ሶፋው ላይ፣ እማዬ ልብስ ስታጥፍ። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። «አባዬ፣ ተነስ። መዳፍህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«እንገፋፋ።»

«ሂጂ እንግዲህ። አጥንትሽን ልስበረው?»

«ብረት ነኝ አላልክም? ግፋኝ።»

እማዬ ልብሱን አስቀምጣ ተመቻቸች። አባዬ ተነሳ፣ እኔ ዞሬ ሶፋውን ከኋላዬ አደረግኩ። ጉረኛ አይደል? መዳፉ የኔን እጥፍ ነው፣ ሻካራ። ገፋኝ፣ ከልቡ። መንገድ ሰጠሁት። ወገቤን ዘወር ሳደርግ ኃይሉ ሁሉ በጎኔ አለፈና ሶፋው ላይ ተደፋ።

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ነው የገፋኝ?» አለ አባዬ፣ ከትራሱ ውስጥ።

«ማንም! አንተ ነህ የመጣኸው!»

ተነሳ። ደገመ። ተደፋ። ሦስተኛ ላይ መሳቅ ጀመረ፣ ያ ሰፈር የሚሰማው ሳቁ። ከዛ ቀስ ብዬ አሳየሁት። ጉልበት ለቀቅ፣ ተረከዝ መሬት። «ትከሻህን አውርድ።» «አውርጄዋለሁ።» «አላወረድከውም።» «አውርጄዋለሁ አልኩሽ!» እማዬ መጣችና ጣቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «ይኸውልህ፣ እዚህ ነው ያለው። እኔ ካገባሁህ ጀምሮ እዚህ ነው።»

አወረደው። እ...ህ አለ። ረጅም ትንፋሽ ነበር፣ ማለቂያ የሌለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። መዳፍ ለመዳፍ እንደገጠምን ቆምን።

«ያ መኪና...» አለ። «ቁልቁለቱ ላይ ለቀቅ ባደርገው ይዞኝ ይሄድ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ አባዬ። ለዛ መኪና ልክ ነበርክ። እኔንም ያተረፍከኝ ጠበቅ አድርጌ እንድይዝ ስላስተማርከኝ ነው።»

«ተሽጧል እኮ።»

«ተሽጧል።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ምን ያታግለናል?» አለ። እማዬ ሳቀች፣ «ሁለታችሁም ተቀመጡ፣ ሳሎኑን ልታፈርሱት ነው» አለች። አባቴ ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዛ ተመልሶ ዘመመ። ግን ተቀመጠ!

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። በድምፅ ነበር የጨረስነው። ቆመን እም... ስንል መስኮቱ ነዘረ። ረጅሙ ልጅ ከአምፖሉ ስር ዝቅ ብሎ አልፎ፣ ከአምፖሉ ወዲህ መልሶ ቀና አለ። ፀጉር ሠሪዋ «ማታ ማታ ወገቤን ይዤ መግባት ቀረ» አለች፣ ነይ ፀጉርሽን በነጻ ልሥራልሽ ብላ ያዘችኝ። ደህና ወዳጆች አገኘሁ። ጤነኞች ነን ብለን ነበር እኮ የመጣነው ሁላችንም።

አስተማሪዋን ስሰናበት «ብወድቅስ?» አልኳት።

«ፈተና ልትወድቂ ትችያለሽ» አለች። «እግርሽ ስር ያለው መሬት ግን የትም አይሄድም።»

የካቲት 17

ነገ። ፈራሁ። የት ነው የፈራሁት? ሆዴ ላይ፣ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ። እዛው ይቀመጥ። ቦታውን ካወቅኩ ይበቃኛል።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ኧረ ምን ቅደም ተከተል! አለፍኩ! አለፍኩ አለፍኩ አለፍኩ!

እሺ። ተረጋጊ።

ፈታኙ ያው የበፊቱ ሰውዬ ናቸው። ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ቀኝ ጎኔ ተቀመጡ፣ ብዕራቸውን አወጡ። ከኋላ ሠልጣኞቹ ተቀምጠዋል፣ ጋሼ ቀስ በይ የመጨረሻው ወንበር ላይ። ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪም ስለሚያስፈልግ ከዴፖው ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ተጠርተው መሐል ላይ ቆመዋል። እነሱ ፈተናም አላሉ፣ ምንም አላሉ። ገና ከመነሳታችን አንደኛዋ ስለ እህቷ ሠርግ ወሬ ጀምራለች።

ተነሳሁ። ቀጥታው ሄደ። የመጀመሪያው ኩርባ... የትኛው መኪና? ይሄኛው። ዞርን። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከኋላዬ ወሬው ይሰማኛል፦ «...ከዛ የሙሽራው እናት ምን ብትል ጥሩ ነው?...»

ከዛ የቤት ዕቃ መሸጫዎቹ ረድፍ ጋ፣ ከቆሙት መኪኖች መካከል፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ዘው ብሎ መንገዱ ውስጥ ገባ። ፍራሹ እንጂ ሰውዬው አይታይም! እሱም አያየኝም።

ድሮ ብሆን ትንፋሼን ዋጥ፣ ፍሬኑን ጭፍልቅ፣ ሁለቱ ሴቶች መስታወቱ ላይ። አሁን... ሆዴ ነገረኝ፣ እግሬ ሰማ። ወደ ውጪ ተነፈስኩ፣ ፍሬኑ ከትንፋሼ ጋር ገባ። ቶሎ ነው፣ ግን አልተደናገጠም። አውቶቡሱ ዝቅ ብሎ ቆመ። ከፍራሹ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረን። ፍራሹ መንገዱን አቋርጦ ሄደ፣ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ።

ከኋላዬ፦ «...ብላ እርፍ አለቻ! አጃቢው ሁሉ ሰምቷታል።»

«አትይኝም!»

ወሬያቸውን አላቋረጡም! ቆመው፣ ሳይይዙ፣ ወሬያቸውን አላቋረጡም! ፈታኙ ዞር ብለው ሴቶቹን አዩአቸው። ብዕራቸውን አዩ። ከዛ እኔን። የሱቁ በር ትንሽ ገርበብ አለ፣ እምላለሁ።

ዴፖ ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። «ወደ ልብስ ክፍሉ ሂጂና ዩኒፎርም ተለኪ» አሉ ፈታኙ። ያ ብቻ።

ሠልጣኞቹ ጣሪያውን ደበደቡት። ጋሼ ቀስ በይ በመካከል እየተጋፉ መጥተው ትከሻዬን ያዙ። የወረደውን ትከሻዬን! ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ «ምን ትጠብቂያለሽ? ለአባትሽ ደውዪ! ፍጠኚ! ፍጠኚ እንጂ!» አሉ።

ፍጠኚ! እሳቸው!

ደወልኩ። አባዬ «አለፍሽ?» አለ። «አለፍኩ።» «መኪናው ፈራሽ?» «አልፈራኝም።» ስልኩ ውስጥ ያ ሳቅ። ከዛ ለእማዬ ሲጮህ ሰማሁት፦ «አለፈች! ልጄ አለፈች! ሳትታገል አለፈች!»

የካቲት 19

እግሬ መሬት አልነካ ብሏል። አስተማሪዋ ብታየኝ ትቆጣለች። ትቆጣ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀን በመስመር። ብቻዬን። ሙሉ አውቶቡስ ሕዝብ።

ጠዋት እጄ ላብ ላብ ብሎት ነበር፣ ዩኒፎርሙም አንገቴ ላይ ይኮሰኩሳል። ስነሳ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። እየሄድኩ የሰው ክብደት ይሰማኛል... ሲገቡ፣ ሲወርዱ፣ ሲጠጋጉ። እስከ ዛሬ በመስኮት ቀዳዳ ፊታቸውን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሁሉም ጀርባዬ ላይ ናቸው፣ አልከበዱኝም። እየነዳሁ ለራሴ ዘፈንኩ፣ አንዱ ልጅ ሰምቶኝ ሳቀ።

መጨረሻው ፌርማታ ደረስን። ሁሉም ወረደ፤ አንዲት ደልደል ያሉ እናት፣ ጭናቸው ላይ ዘንቢል ታቅፈው ቀሩ።

«እናቴ፣ መጨረሻው ነው።»

ብንን አሉ! «የምን መጨረሻ? እኔ ገበያው ጋ ነው የምወርደው!»

«ገበያውን እኮ ቅድም አለፍነው። እንቅልፍ ወስዶዎት ይሆናል።»

«እኔን? እኔን እንቅልፍ? በሕይወቴ አውቶቡስ ላይ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም! ሁልጊዜ ብረቱን ጨብጬ ነው የምሄደው!» ተነሱና ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር አደረሱት። «ጥፋቱ ያንቺ ነው! እንደዚህ ተደርጎ ይነዳል? ሰው ሥራ የለው መሰለሽ? ስምሽ ማን ነው? እከስሻለሁ!»

ሳቄ አመለጠኝ፣ ይባስ ተናደዱ። ክሳቸውን ሙሉውን ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚህ የሚጣፍጥ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። «ይቀመጡ እናቴ፣ አሁን ተመላሽ ነኝ፣ ገበያው ጋ አወርድዎታለሁ» አልኳቸው። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «አሁን እስቲ አስተኚኝ» አሉ።

ሰው ገባ፣ ሞላ፣ ተነሳሁ። ኩርባውን ዞርኩ፣ ቀጥታውን ሄድኩ፣ ሌላውን ኩርባ ዞርኩ። ገበያው ጋ ስደርስ በመስታወቱ አየኋቸው። እጃቸው ከብረቱ ላይ ወርዷል፣ ራሳቸው ዘንቢሉ ላይ ነው።

አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ «እህቴ፣ እባክሽ ቀስቅሺልኝ» አልኳት።